ከጭራ መጀመር

ቀኑን የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ለራሴ ስንኝ እቋጥራለሁ። አውሮፕላን ሠርቼ አላውቅም፤ ወደፊትም የምሠራ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የአውሮፕላን ሠሪዎች አንድ ልማድ ልቤን ይዞታል። በአሜሪካ በ1973 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የተመሠረተው ቫንስ ኤርክራፍት፣ በየቤታቸው ገጣጥመው መብረር ለሚሹ ሰዎች አውሮፕላንን በየክፍሉ ከፋፍሎ ይሸጣል። ገዢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሞተሩ ወይም ከክንፉ አይደለም፤ ከጭራው ነው።

ጭራ ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ከክንፉ ያንሳል። ጀማሪው የስሱን አሉሚኒየም ስለታም ጠርዝ ይሞርዳል፤ ቆርቆሮውን ከውስጥ አጥንቱ ጋር በጊዜያዊ መያዣ አያይዞ ቀዳዳን ከቀዳዳ ያስተያያል። ከዚያ ሁሉንም ይፈታል፤ ያጸዳል፤ እንደገና ይገጥማል። በመጨረሻ አንዱ ከፊት ሪቬቱን ሲመታ ሌላው ከኋላ ብረት ይደግፍለታል። ቢበላሽ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የሠሪው ትዕግሥት ግን ከዚያው ይለያል።

ይህ ከኋላ የሚቀር አካል የራሱ ታሪክ፣ የራሱም ሐዘን አለው።

አልፎንስ ፔኖ በ1850 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበሩ፤ ልጁ ግን በዳሌው ሕመም የተነሣ ያንን መንገድ ሊከተል አልቻለም። ዐይኑን ከባሕር ወደ ሰማይ አነሣ። በነሐሴ ወር 1871 በቱይለሪ የአትክልት ሥፍራ፣ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ፣ 16 ግራም የምትመዝን ሞዴል ለቀቀ። ጉልበቷ የተጠመዘዘ ላስቲክ ብቻ ነበር፤ በ11 ሰከንድ 60 ሜትር ያህል በረረች።

ምስጢሩ ጭራዋ ላይ ነበር። ፔኖ ከኋላ ያኖራት ትንሽ ክንፍ ከዋናው ክንፍ ጥቂት ወደ ታች ያዘነበለች ነበረች። አፍንጫዋ ሽቅብ ሲል ነፋሱ ጭራዋን ያነሣና አፍንጫዋን ይመልሳል፤ ቁልቁል ስትልም ጭራዋ ተጭና ታቀናታለች። የሰው እጅ ሳይነካት ሚዛኗን ትጠብቃለች። በፍላጻ ጫፍ ላባ የሰኩ የጥንት ሰዎችም ከዚህ ብዙ የራቁ አልነበሩም።

በ1876 ፔኖ ከባልደረባው ከፖል ጎሾ ጋር ለሙሉ አውሮፕላን ንድፍ የፈጠራ መብት አወጣ። ሁለት ፕሮፔለሮች፣ የሚታጠፉ ጎማዎች፣ ጭራውን የሚያዝ አንድ ዘንግ ነበሩበት። ገንዘቡን የሚያወጣ ግን ጠፋ፤ ነቃፊው በዛ። በ1880 ንድፎቹን በትንሽ የሬሳ ሣጥን አድርጎ ለአየር መርከብ ሠሪው ለአንሪ ዢፋር ሰጠ ይባላል። በዚያው ዓመት፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ያላየው ነገር ነበር። ከሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ አንድ የሃይማኖት አባት ፔኖ በፈለሰፈው ዓይነት በላስቲክ የሚበር መጫወቻ ገዝተው ለልጆቻቸው አመጡ። ልጆቹ መጫወቻው እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ከዚያም አምሳያውን ራሳቸው ይሠሩ ጀመር። ስማቸው ዊልበርና ኦርቪል ራይት ነበር። በ1903 በበረሩባት አውሮፕላን ላይ አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሰሌዳ ከፊት ነበር፤ በ1910 ግን ወደ ኋላ፣ ፔኖ ወዳኖረበት ሥፍራ፣ ወሰዱት። እርሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

እኔ የፔኖን ዕድሜ አልፌያለሁ። ማንም ያላነበባቸው ግጥሞቼ በመሳቢያዬ ተቆልፈው ከረሙ፤ አንዳንድ ማታ ያ መሳቢያ ከዚያ ትንሽ ሣጥን ብዙም ተለይቶ አይታየኝም ነበር። የፔኖን ነገር ካወቅሁ ወዲህ ግን አንድ ሐሳብ አይለየኝም፦ ንድፉን ሣጥን ውስጥ ሲዘጋ መጫወቻው በሕፃናት እጅ ገብቶ ነበር።

ትናንት ማታ መሳቢያውን ከፈትሁ። ከሁሉ የምታንሰውን ባለ አራት ስንኝ ግጥም አውጥቼ ጠርዟን መሞረድ ጀመርሁ።