ዙፋን ያስለቀቀ አቻ

ዜሮ ለዜሮ ያለቀ ኳስ ያየ ሰው «ገንዘቤን በከንቱ» እያለ ነው ከስታዲየም የሚወጣው። አቻ ለብዙዎቻችን እንዳልተጫወቱት ይቆጠራል። ግን ዙፋን ያስለቀቀ አቻም አለ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 ጋሪ ካስፓሮቭና ቭላድሚር ክራምኒክ ለንደን ላይ ለቼዝ ሻምፒዮንነት ተቀመጡ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በጊዜው የራሱ ሻምፒዮን ቢኖረውም፣ ከ1985 ጀምሮ ቁንጮው ካስፓሮቭ ነበር። ክራምኒክ ደግሞ በ1995 ካስፓሮቭ አናንድን ሲገጥም ከረዳቶቹ አንዱ ነበረና የሰውየውን ጠባይ ያውቃል። ካስፓሮቭ ንግሥቶቹ ሰሌዳው ላይ እያሉ፣ ውጊያው ሲጋጋል አይቻልም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ካስፓሮቭ ነጩን ይዞ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቼዝ መጽሐፍ በጻፈው ስፔናዊ ቄስ በሩይ ሎፔዝ ስም በሚጠራው መክፈቻ ጀመረ። ክራምኒክ የመለሰለት ታላላቆቹ ብዙም በማይመርጡት የቆየ መንገድ፣ በ«በርሊን መከላከያ» ነው። ገና በስምንተኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ተበላሉ። የነጩን ንግሥት የበላው ጥቁሩ ንጉሥ ራሱ ስለሆነ፣ ካስል አድርጎ ጥግ የመሸሸግ መብቱን አጣ። ሁለት ወታደሮቹም አንዱ ካንዱ ኋላ ተደረቡ። ላይ ላዩን ላየው የተጎዳው ክራምኒክ ነው። ግን ነጩ ቢገፋ ቢገፋ መግቢያ ቀዳዳ አጣ። በ25ኛው እርምጃ አቻ ተባባሉ።

ካስፓሮቭ እልኸኛ ነው። በ3ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ጨዋታም እዚያው መከላከያ ላይ ተመለሰ። ሁሉም አቻ! 13ኛውማ ያለቀው በ14 እርምጃ ነው። መከላከያውም «የበርሊን ግንብ» የሚል ስም ወጣለት። እስከዚያው ክራምኒክ 2ኛውንና 10ኛውን አሸንፎ ነበር። 16 ጨዋታ የታሰበለት ግጥሚያ በ15ኛው፣ 8.5 ለ6.5 ተዘጋ። ካስፓሮቭ አንዲት ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ የ15 ዓመት ዙፋኑን ለቀቀ። የመልስ ግጥሚያ ቢጠይቅም አላገኘም።

የሚገርመው፣ ካስፓሮቭ በ2005 ከውድድር እስኪሰናበት ድረስ በነጥብ ደረጃ የዓለም አንደኛ ነበር። እንግዲህ ክራምኒክ ጉልበተኛውን በጉልበት አልበለጠውም። ጉልበቱ ወደማይሠራበት ሜዳ ወስዶ አስቀመጠው እንጂ። እኛ አጨብጭበን የምንሸኘው አጥቂውን ነው፤ ንግሥቲቱን ሰጥቶ፣ በተደረቡ ወታደሮች ተሸማቆ፣ ግን ሳይሸነፍ የሚያመሸውን ልብ አንለውም። ለንደን ላይ ግን ዘውዱን ይዞ የወጣው እሱ ነበር።