ከግንቡ ወዲያና ወዲህ

በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ከመሀል ከተማ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ሁለት መንገዶች አሉ። ጎን ለጎን ናቸው፤ መሀላቸው የባቡር ሐዲድ የተሸከመ ረጅም ግንብ ቆሟል። በስተምሥራቅ ያለው በ2000 የተከፈተው ሰፊው የሎይድ ጆርጅ ጎዳና ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በስተምዕራብ ያለው አሮጌው ቢዩት ጎዳና ነው። አዲሱ የተሠራው ጎብኚው አሮጌውን ሳያይ ባሕሩ ዘንድ እንዲደርስ ይመስላል።

ቢዩት ጎዳናን የወለደው የድንጋይ ከሰል ነው። ስሙን ያገኘው ከሁለተኛው የቢዩት ማርኲስ ሲሆን፣ ይህ ባለርስት ያሠራው የመጀመሪያው የመርከብ መጫኛ በ1839 ተከፈተ። በ1913 ከካርዲፍ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ተጭኖ ወጣ። ከሰሉን የሚያጓጉዘው መርከብ ራሱም የሚሄደው በከሰል ነበርና ሆዱ ውስጥ ቀን ከሌት በአካፋ ምድጃ የሚመግብ ሰው ያስፈልገዋል። ሥራው ሰው የሚጠብስ ነው፤ ሌላው ሸሸው። ከበርበራ ተነስተው ኤደን የተሻገሩ ሶማሌዎችና የመኖች ግን ወደ እሳቱ ገቡ። ምዕራብ አፍሪካውያን፣ የካሪቢያን ሰዎች፣ ማልታዎች፣ ቻይናዎች፣ ኖርዌያውያንም መጡ። ሰፈሩ ለዓለም መርከበኞች ሁሉ “ታይገር ቤይ” ሆነ።

ሕይወቱ የሚዞረው በአልቤርጎዎቹ ዙሪያ ነበር። ከመርከብ የወረደ ሶማሌ የሚያርፈው ሶማሌው ዘንድ ነው። ባለአልቤርጎው ሌላ መርከብ እስኪገኝ በዱቤ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፤ ደብዳቤውንም ይቀበልለታል። መርከበኛው ከጉዞ ሲመለስ ዕዳውን ይከፍላል። ብዙዎቹ የዌልስ ሴቶች አግብተው ወለዱ። ዓለም የሚያውቃት ዘፋኝ ሸርሊ ባሲ፣ የናይጄሪያዊ መርከበኛ ልጅ፣ በ1937 የተወለደችው እዚሁ ጎዳና ላይ ነው።

ዛሬ ይህ ሁሉ “የመቻቻል ተምሳሌት” ተብሎ ይተረካል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እነዚህ ሰዎች ከሰፈሩ ውጭ ቤት የሚያከራያቸው አልነበረም። በ1919 ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ሥራ ሲያጡ ሕዝቡ ተነስቶ ጥቁሮችንና ዓረቦችን አሳደደ፤ በካርዲፍ ብቻ 3 ሰዎች ሞቱ። በ1925 ደግሞ ነጭ ያልሆኑ መርከበኞች በውጭ ዜግነት እንዲመዘገቡ መንግሥት አዘዘ። የእንግሊዝ ተገዥ መሆናቸውን በወረቀት ማረጋገጥ ያልቻሉ ሁሉ በገዛ ወደባቸው ባዕድ ተደረጉ። አብሮ መኖሩን ያስተማራቸው ፍቅር ብቻ ሳይሆን አጥርም ነበር።

የአጥሩን ዋጋ ከሁሉ በላይ የከፈለው ማሕሙድ ማታን ነው። ማርች 6 ቀን 1952 ምሽት ሊሊ ቮልፐርት የተባለች ባለሱቅ ቢዩት ጎዳና ላይ በሱቋ ውስጥ ተገደለች። ፖሊስ የያዘው ማታንን ነበር፤ ሶማሌ፣ የቀድሞ መርከበኛ፣ የሦስት ልጆች አባት። ዋናው ምስክር መጀመሪያ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሌላ ሰው የሚያመለክት እንደነበር ለተከላካዮቹ አልተነገረም። የራሱ ጠበቃ እንኳ ለዳኞቹ ሲናገር ገና ያልሠለጠነ አረመኔ አድርጎ ሣለው። ሴፕቴምበር 3 ተሰቀለ፤ ከግድያው ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ። ሚስቱ ሎራ መሞቱን ያወቀችው ልትጠይቀው ሄዳ በእስር ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ እንደነበር ተናግራለች። ፍርዱ የተሻረው በ1998 ነው፣ 46 ዓመት ዘግይቶ። ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2022፤ ያኔ ሦስቱም ልጆች ሞተው ስለነበር ይቅርታውን የሰሙት የልጅ ልጆች ናቸው።

ቤቶቹም ቢሆኑ አልቆዩም። በ1960ዎቹ “ያረጀ ሰፈር” ተብሎ የታይገር ቤይ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ በመሀሉ በሚገኘው በላውደን አደባባይ ሁለት ፎቆች ተተከሉ። የከሰል ጭነቱም በ1964 አበቃ። ቤቶቹ ጠባብና እርጥብ ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን የአልቤርጎው ዱቤ፣ የካፌው ሙዚቃ፣ በር ላይ ቆሞ መጨዋወቱ በፎቅ አሳንሰር አይወጣም።

በ1987 ወደቡን የሚያለማ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የባሕሩ ወሽመጥ በግድብ ተዘግቶ ሐይቅ ሆነ፤ በ2004 ትልቁ የሚሌኒየም የጥበብ ማዕከል፣ በ2006 የዌልስ ፓርላማ ሕንፃ ዳርቻው ላይ ተመረቁ። ባለፎቆቹ አዳዲስ መኖሪያዎች ከግንቡ ወዲያ ሲበቅሉ የመርከበኞቹ ልጆች ከግንቡ ወዲህ ቀሩ።

ነዋሪዎቹ ፎቶግራፎችንና የአዛውንቶችን ቃል የሚሰበስብ የሰፈር ታሪክ ማዕከል ቢዩት ጎዳና ላይ ነበራቸው። በ2016 ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት በሚሌኒየም ማዕከል መድረክ ላይ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ታየ። ርዕሱ “ታይገር ቤይ” ነበር።