የካቲት 1979 በካራቆሬ ሰማይ፦ ስለ ሱፐርኖቫ 1987ኤ እና ቀድሞ ስለ መዘጋጀት



ሰኞ የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ረፋድ ላይ እኔ ካራቆሬ ውስጥ በትምህርት ገበታ ላይ ነበርሁ። በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል ጥቂት እንዳለፈ፣ ኒውትሪኖ የተባሉ፣ ከቁስ አካል ጋር እምብዛም የማይነካኩ ቅንጣቶች መላዋን ምድር ሰንጥቀው አለፉ። በክፍሉ በነበርነው በእያንዳንዳችን አካል ውስጥም በቢሊዮን የሚቆጠሩት አልፈዋል። ማናችንም አላወቅንም። ይህን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀኑንና ሰዓቱን አንብቤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስመልሰው ነው።

የቅንጣቶቹ ምንጭ ሱፐርኖቫ 1987ኤ ነበር። ከፍኖተ ሐሊብ ጎረቤት በሆነችው ጋላክሲ፣ በትልቁ የማጌላን ደመና ውስጥ፣ ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ የነበረ የአንድ ግዙፍ ኮከብ እምብርት በራሱ ክብደት ተደርምሶ ኮከቡ ፈነዳ። በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የነበሩ ሦስት መሣሪያዎች በጠቅላላው 25 የሚሆኑ ኒውትሪኖዎችን መዘገቡ። በማግስቱ ሌሊት ኢያን ሼልተን በቺሊ ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ አዲሱን ኮከብ አገኘ። ከ1604 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከታዩት ሱፐርኖቫዎች ሁሉ ይህን ያህል የደመቀ አልነበረም።

ከካራቆሬ ይታይ ነበርን? ስሌቱ ቀላል ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮከቡ ደግሞ በሰማይ ወገብ በስተ ደቡብ 69 ዲግሪ ላይ ነበር። ስለዚህ በየካቲት መጨረሻ፣ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ በአጣዬና በሸዋሮቢት አቅጣጫ ከአድማሱ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይል ነበር፤ ክንዱን የዘረጋ ሰው ጭብጥ ያህል መሆኑ ነው። ጥርት ባለ ምሽት የት እንደሚመለከት ለሚያውቅ ዓይን በደብዛዛው ይታያል። በግንቦት እጅግ በደመቀ ጊዜ ግን በእኛ ሰማይ ሳይጨልም ይጠልቅ ነበር። በዚያ ወር ከሙቀቱ የተነሣ ደጅ ተኝቼ ሰማይ ሳይ አመሽ ነበር፤ የት እንደምመለከት የነገረኝ ግን አልነበረም።

ካራቆሬ ከዚያ ቀደም በሳይንስ መዝገብ ስሟ ገብቷል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የደረሰው ርእደ መሬት ማጀቴን አፍርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ጎድቷል። ያ መከራ ከሽማግሌዎች ትዝታ አልፎ የጥናት ርእስ የሆነው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ቀድሞ ስለተቋቋመ ነው። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ጣቢያው በመጀመሪያ የታሰበው ለምድር መግነጢስ ጥናት ነበር፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ናትና። የጃፓኑ ካሚዮካንዴም የተሠራው የፕሮቶንን መፍረስ ለመፈለግ እንጂ የሚሞት ኮከብ ለመጠበቅ አልነበረም። ሁለቱም ያልታሰበውን የመዘገቡት አስቀድመው ሥራ ላይ ስለነበሩ ነው።

የዛሬው ነጥቤ ይኸው ነው። ርእደ መሬትም ሱፐርኖቫም ቀን አይቆርጡም። ከደረሱ በኋላ የሚተከል መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት መልሶ አያገኛቸውም፤ ስለ ፈነዳው ኮከብ ብዙ የሚነግሩን ደግሞ እነዚያ ሰዓታት ናቸው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ኤም 101 በተባለችው ጋላክሲ፣ 20 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ሱፐርኖቫ ሲያገኝ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ተመልካቾች እየተቀባበሉ ተከታትለውታል። በጃፓን ሲነጋ፣ በቺሊም ገና ሳይመሽ፣ በኢትዮጵያ እኩለ ሌሊት ነው። በዚህ ቅብብል ውስጥ የእኛ ተራ አለ።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። እንዲህ ያለ መሣሪያ በቅርብ ጋላክሲዎች የሚፈነዱ ኮከቦችን ብርሃን ለሳምንታት ለመለካት ይበቃል። የከተማው መብራትና የክረምቱ ደመና ይፈታተኑታል፤ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ተከታታይነት የሌለው ምልከታ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ምንም አዲስ ነገር ባልታየበት ሌሊትም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ጻፉ። አዲስ ኮከብ ሲመጣ፣ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቦታ ምን እንደነበረ የሚመሰክረው ያ ገጽ ነው። አሁን በካራቆሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያለ ልጅም በሚቀጥለው ጊዜ የት እንደሚመለከት የሚነግረው ሰው ይኑረው።