በግድግዳ ላይ የቀረችው አይሮፕላን

የጥንት የመንገደኛ አይሮፕላኖችን ፎቶግራፍ አስፍቶ፥ በክፈፍ አግብቶ በቤትና በሆቴል ግድግዳ መስቀል ዛሬ የተወደደ ጌጥ ሆኗል። ከነዚህ ሥዕሎች መካከል እጅግ የታወቀው «ቻይና ክሊፐር» የተባለችው የባሕር አይሮፕላን በሳን ፍራንሲስኮ ስትበር ክላይድ ሰንደርላንድ ያነሣው ነው። ከበታቿ የጎልደን ጌት ድልድይ ይታያል፤ ግንቦቹ ቆመዋል፥ መተላለፊያው ግን ገና አልተዘረጋም። ድልድዩ ለሕዝብ የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ነውና።

ይህች አይሮፕላን የማርቲን ፋብሪካ ለፓን አሜሪካን ኩባንያ ከሠራቸው ሦስት እኅትማማቾች አንዲቱ ነበረች። በኖቬምበር 22 ቀን 1935 ዓ.ም. ኤድዊን ሙዚክ እየመራት ከአላሜዳ ተነሣች፤ በሆኖሉሉ፥ በሚድዌይ፥ በዌክና በጓም እያረፈች በ29ኛው ቀን ማኒላ ገባች። በዚያ ጕዞ መንገደኛ አልተሳፈረባትም፤ ጭነቷ ከ110,000 የሚበልጥ ደብዳቤ ነበረ። ስትነሣም ሸክሙ ስለ ከበዳት ከፍ ለማለት ዘገየች፤ ስለዚህ ሙዚክ በዚያን ጊዜ ይሠራ ከነበረው ከሁለተኛው ድልድይ፥ ከቤይ ብሪጅ ሽቦ በታች አሾልኮ አሳለፋት። በግድግዳው ላይ ያለችው አይሮፕላን ግን ሸክም የሚባል ነገር ያወቀች አትመስልም።

ፍጻሜያቸውስ? ሙዚክ በጃንዋሪ 1938 በሌላ አይሮፕላን ሳሞአ አጠገብ ሞተ። በዚያው ዓመት በጁላይ «ሃዋይ ክሊፐር» ከነሰዎቿ በውቅያኖስ ላይ ጠፍታ ቀረች፤ እስከ ዛሬም አልተገኘችም። «ፊሊፒን ክሊፐር» በ1943 ከካሊፎርንያ ተራራ ጋር ተጋጨች። ቻይና ክሊፐርም በጃንዋሪ 1945 በፖርት ኦፍ ስፔን ወደብ ስታርፍ ተሰብራ ሰጠመች። ከሦስቱ አንዲት እንኳ አልተረፈችም፤ የተረፈው ሥዕሉ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺው ሐሰት ተናገረ ማለት አይደለም፤ ያየውን አነሣ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙ ሰው መብረርን ይፈራ ስለ ነበረ፥ ኩባንያዎቹ ፎቶግራፍን የሚያሠራጩት ፍርሃትን ለማራቅና ቲኬት ለመሸጥ ነበረ። ስለዚህ የሚመረጠው ሰዓት ሰማዩ የጠራበት፥ ክንፉ ፀሓይ ያገኘበት ሰዓት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ ባለው ሥዕል ፊት ሲቆም ሰሙ ቶሎ ይገባዋል፤ ወርቁን ለማግኘት ግን ቀኑንና ስሙን መጠየቅ አለበት።

የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የዛሬ ነጋዴዎች ሥዕሉን በሸራ ላይ ሲያትሙ ከግርጌው ያለውን ጽሕፈት ቈርጠው ይጥሉታል፤ «ጥንታዊ አይሮፕላን» ብለው ብቻ ይሸጡታል። ገዢው ከመጋረጃው ቀለም ጋር መስማማቱን አይቶ ይወስዳል።

የኛም አገር ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር፥ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጕዞውን ያደረገው ከጦርነት በተረፈ ሲ 47 አይሮፕላን ነው። በሥዕሉ የሚታየው የሚያበራ ብረት ነው፤ በውስጡ ግን መንገደኛው በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፥ ዕቃው በመካከል ተከምሮ ይጓዝ ነበረ። ይህን ፎቶግራፉ ከውጭ አይናገርም።

እንዲህ ያለ ሥዕል በቤቱ ያለው ሰው የአይሮፕላኑን ስም፥ ዓመቱንና ያነሣውን ሰው በጀርባው ላይ ይጻፍ፤ የሚጽፈውም በለስላሳ እርሳስ፥ ሳይጫን ይሁን፤ ቀለም ወደ ፊቱ ዘልቆ ያበላሸዋልና።