የሙሴ ቪዩ ቧ ወረቀት

ኮሚክን ማን ጀመረው ሲባል ብዙዎች የጄኔቫውን ሮዶልፍ ቶፕፌርን ይጠራሉ፤ ሲያሞግሱትም ቀልዱን እያነሡ ነው። እኔ ግን ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እየሣልኩ የማድር ሰው ነኝና፣ ከቀልዱ ይልቅ የሚያስቀናኝ ወረቀቱ ነው።

ቶፕፌር የተወለደው በ1799 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሠዓሊ ነበር፤ ልጁም የአባቱን ሙያ ሊከተል ሲል የዓይን ሕመም ከለከለው። ስለዚህ መምህር ሆኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1827 ተማሪዎቹን ለማሳቅ ሙሴ ቪዩ ቧን በብዕር ሣለላቸው፤ ፍቅር ያናወዘው፣ መከራ በገጠመው ቁጥር ሸሚዝ የሚቀይር ሰውዬ ነው። እንዲህ ያሉት ደብተሮች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። በ1831 መጀመሪያ ገደማ ፍሬደሪክ ሶሬ የተባለ ወዳጁ ቫይማር ላይ ለጎተ አሳየለት፤ ሽማግሌው ባለቅኔም እጅግ ወደደው።

ማሳተሙ ሌላ ጣጣ ነበር። በመዳብ ወይም በእንጨት ለማተም ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ለቀራጭ መስጠት ግድ ነው፤ ቀራጩ ደግሞ የራሱን እጅ ይጨምርበታል። የሙኒኩ አሎይስ ዜነፌልደር የፈለሰፈው ሊቶግራፊ ይህን አስቀርቷል። በቅባታም ቀለም የኖራ ድንጋይ ላይ ይሣላል፣ ድንጋዩ በውኃ ይረጥባል፤ የማተሚያው ቀለም ከውኃው ይሸሽና ሥዕሉ ላይ ብቻ ይይዛል። ግን ድንጋዩ ላይ ያለው ሁሉ ሲታተም ይገለበጣል። ዛፍ ቢገለበጥ ማን ያውቅበታል? ከየሥዕሉ ሥር ዓረፍተ ነገር ለሚጽፍ ሰው ግን ፊደሉን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት መጻፍ ነው።

ቶፕፌር መላውን ያገኘው አውቶግራፊ በሚባለው ዘዴ ነው። ልዩ ቅብ በተቀባ ወረቀት ላይ በቅባታም ቀለም እንደ ደብዳቤ በቀጥታ ይጽፋል፣ ይሥላል። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ድንጋዩ ላይ ሲታተም ሥዕሉ ይገለበጣል፤ ከድንጋዩ ወደ ወረቀት ሲታተም ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። በ1833 ሙሴ ዣቦ የተባለውን ሌላ ታሪኩን ያሳተመው እንዲህ ነው፤ ቪዩ ቧም በ1837 ወጣ። ገጹን ቀረብ ብለው ቢያዩት ክፈፉን ያሰመረችው፣ አፍንጫውን ያጎበጠችውና ከሥር ያለውን ጽሑፍ የጻፈችው ያችው አንዲት ብዕር ናት። ክፈፉ በማስመሪያ አልተሰመረም፤ ይወላገዳል። (የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ሣጥን ከነጽሑፉ የሚሥሉት የእኛ ሠዓሊዎችም ይህን ጣዕም ያውቁታል።)

በኔ ግምት ኮሚክን የወለደው ይህ ወረቀት ነው። ቶፕፌር ራሱ ሥዕሉ ያለ ጽሑፉ ድብስብስ እንደሚል፣ ጽሑፉም ያለ ሥዕሉ ትርጉም እንደማይኖረው ተናግሯል። በ1842 ስለ አውቶግራፊ ለብቻው ሥራ አሳተመ፤ በ1845 ደግሞ ስለ ፊት አሣሣል ሲጽፍ፣ እንደ ነገሩ የተሞነጫጨረ ፊት እንኳ የራሱ ጠባይ ይዞ ብቅ እንደሚል አስረዳ። አንዱን ፊት ሞነጫጭሮ ቅንድቡን ትንሽ ከፍ፣ ከንፈሩን ትንሽ ዝቅ እያደረጉ ጠባዩ ሲለወጥ ማየት ነው። መዳብ እየቀረጸ እንዲህ የሚጫወት ሰው የለም፤ የተሳሳተ ጭረት ዋጋ ያስከፍላል።

በዚያው ዓመት «ኢሉስትራሲዮን» የተባለው የፓሪስ መጽሔት የቶፕፌርን ሙሴ ክሪፕቶጋም አወጣ። መጽሔቱ የሚያትመው በእንጨት ቅርጽ ስለነበርና የቶፕፌርም ዓይን ስለደከመ፣ ካም የተባለው ካርቱኒስት ሥዕሎቹን እንደገና ሣላቸው። ካም ጎበዝ ነበር፤ መስመሩ ጠራ፣ ሰዎቹም ቀጥ ብለው ቆሙ። ሳቁ ግን ቀነሰ። ቶፕፌር በዓመቱ ሞተ።

እኔ የምሠራበት ታብሌት እጅ ሲንቀጠቀጥ መስመሩን የሚያለሰልስ ማስተካከያ አለው። ፊት ስሥል አጠፋዋለሁ። ክፈፍ ሳሰምር ግን እከፍተዋለሁ፤ በዚህስ ቶፕፌር ከእኔ ጋር አይስማማም ነበር።