148 ለ5

መንገድ፣ መብራትና ደመወዝ ካለ ሁሉ ነገር አለ ብለን ለምናስብ ለእኛ ለከተሜዎቹ፣ የትሪስታን ደ ኩኛ ሰዎች ታሪክ ግራ ያጋባል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ትሪስታን ደቡብ አትላንቲክ መሐል ብቅ ያለች የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ጎረቤቷ ሴንት ሄለና ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

የመንደሯ መነሻ ናፖሊዮን ነው። እንግሊዞች ሴንት ሄለና ላይ ያሰሩት ንጉሠ ነገሥት በዚህች ደሴት በኩል እንዳያመልጣቸው ሰግተው በ1816 ወታደር አሰፈሩባት። ጦሩ በዓመቱ ሲነሣ ዊልያም ግላስ የተባለ አሥር አለቃ ቤተሰቡን ይዞ ቀረ፤ ሁለት ባልደረቦቹም አብረውት ቀሩ። ንብረቱ የሁሉም እኩል እንዲሆን፣ ማንም ከማንም በላይ እንዳይሆን ተፈራረሙ። በ1827 አምስት ሴቶች ከሴንት ሄለና መጥተው ወንደላጤዎቹን አገቡ።

ኑሯቸው ድንች፣ ዓሣና ከአላፊ መርከቦች ጋር የሚደረግ ልውውጥ ነበር። ባሕሩ ሲያበላ ይበላልም። በ1885 ከአንዲት መርከብ ጋር ሊገበያዩ በጀልባ የወጡ 15 ወንዶች እንደወጡ ቀሩ። ብዙ ቤት በአንድ ቀን አባወራ አጣ። መንደሯ ግን አልተበተነችም።

ትልቁ ፈተና በ1961 መጣ። ከመንደሩ ጥግ እሳተ ገሞራ ፈነዳና ሕዝቡ በሙሉ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ቤት ተሰጣቸው፤ ሥራም አገኙ። ብርዱና ደሴታቸው ላይ ያልለመዱት በሽታ ግን አዛውንቶቻቸውን ይነጥቃቸው ጀመር። ባለሥልጣናቱ እዚያው ቢቀሩ ይመርጡ ነበር። በ1962 መጨረሻ ድምፅ ሲሰጡ 148ቱ እንመለስ አሉ፤ እንቅር ያሉት 5 ብቻ ናቸው። በ1963 አብዛኞቹ ተመለሱ።

እርግጥ ነው፣ ከተመለሱት መካከል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግመው ወደ እንግሊዝ የሄዱ አሉ። ደሴቷ ገነት አይደለችም። የቀሩት ግን ዛሬም መሬቱን በጋራ ይዘው ድንች ይተክላሉ፤ ከባሕሩ ሎብስተር እያወጡ ወደ ውጭ ይሸጣሉ። በ2020 ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን ሰፊ ባሕር ከንግድ ዓሣ አጥማጆች ከለሉት።

እነዚህን ሰዎች "ኋላ ቀር" ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ሁለቱንም ኑሮ አይተው ነው የመረጡት፤ ከእኛ ውስጥ ስንቶቻችን ሁለቱንም አይተናል? ሰውን "ለራሱ ጥቅም" ከቀዬው ስለማንሣት በተወራ ቁጥር እኛ የምናስታውሰው ያንን ቆጠራ ነው። የሚነሡት ሰዎች ተጠይቀዋል ወይ?