አሥር ጋሻ መሬት በባሮ ዳር

የዓመት መጽሔታችን አዘጋጆች፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ካደረግኋቸው ጉዞዎች አንዱን መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ አክሱም ሐውልት ወይም ስለ ፋሲል ግንብ መጻፉ ይቀልለኝ ነበር። ስለነዚያ ግን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ብዙ ጽፈዋል። የእኔ ምርጫ ሐውልትም ግንብም የማይታይበት፣ ነገር ግን በቅየሳ ሙያ ላደገ ሰው ከብዙ ግንብ የበለጠ የሚያሳስብ ሥፍራ ነው። ይኸውም በጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ለባዕድ መንግሥት ተከራይቶ የኖረው መሬት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ ጋምቤላ ላይ ሳይሆን ካርቱም ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሥራ ወደዚያ ተልኬ ሳለሁ፣ ጥቁር አባይና ነጭ አባይ የሚገናኙበትን ሥፍራ ለማየት ሄድሁ። እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዓይኔን የጣልሁት ከምሥራቅ በሚመጣው፣ ደለላችንን በተሸከመው ውኃ ላይ ነበር። አብሮኝ የነበረው ሰው ቀድሞ በወንዝ መርከቦች ላይ ያገለገለ ጡረተኛ ነበርና ይህን አይቶ ሳቀብኝ። ወደ አንዱ ብቻ አትመልከት፣ በነጩም ውስጥ የአገርህ ውኃ አለ አለኝ። እውነቱን ነው። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱት ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል ከተማ በላይ ወደ ነጭ አባይ ይገባል። ሰውዬው በጕብዝናው ዘመን ከካርቱም ጋምቤላ በእንፋሎት መርከብ ይመላለስ እንደ ነበር፣ ሽቅብ ሲሄዱ 11 ቀን፣ ቍልቍል ሲመለሱ 7 ቀን ይፈጅባቸው እንደ ነበር እየቈጠረ ነገረኝ። የጋምቤላን የወደብ ዳር ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። እኔ በሙያዬ ስንቱን አውራጃ ስዞር ኖሬ ጋምቤላን በዓይኔ አላየኋትም ነበር፤ አፍሬ ዝም አልሁ። በሚያዝያ 2015 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ያ ሰው የት እንደ ደረሰ አስባለሁ።

ወደ አገሬ ስመለስ መጀመሪያ የፈለግሁት ውሉን ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አጤ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት ወኪል በኮሎኔል ሃሪንግተን መካከል የተፈረመው የኢትዮጵያና የሱዳን የወሰን ውል አምስት አጫጭር አንቀጾች ብቻ ያሉት ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ጥቁር አባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውኃ የሚናገር በመሆኑ እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይኖራል፤ ሰው ሁሉ የሚያነሣውም እርሱን ነው። ከርሱ ቀጥሎ ያለውን ግን የሚያነብበው ጥቂት ነው። አራተኛው አንቀጽ እንደሚለው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አጠገብ፣ የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት የንግድ ጣቢያ ይሆን ዘንድ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ፈቅደዋል። መሬቱ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከልክሏል።

እስቲ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ቍጥር ያስሉት። የወንዝ ዳሩ 2,000 ሜትር፣ ጥልቀቱም 2,000 ሜትር ቢሆን በትክክል 400 ሄክታር ይወጣዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የታሰበው፣ አንድ ጎኑ ወንዝ የሆነ ፍጹም አራት ማዕዘን ነበር ማለት ነው። በአገራችን ስፍር፣ ጋሻውን በ40 ሄክታር ብንወስደው፣ ከአሥር ጋሻ አያልፍም። አንድ ባላባት ሊይዘው የሚችል መሬት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ከቍጥሩ ይልቅ የሚከብደው አንድ ሐረግ ነው። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው ይላል። መሬቱ አልተሸጠም፣ አልተሰጠም፤ ተከራየ፤ የኪራዩም ማብቂያ ከፊርማው ጋር አብሮ ተጻፈ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ምድር ከተጻፉት ውሎች ስንቶቹ እንዲህ ያለ ማብቂያ እንዳላቸው የሚያውቅ፣ የዚህን ሐረግ ዋጋ ይረዳዋል።

ባሮ ለምኒልክ መንግሥት እንግዳ ወንዝ አልነበረም። ውሉ ከመፈረሙ አራት ዓመት በፊት፣ በሰኔ 1890፣ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ይህንኑ ውኃ ተከትሎ ሶባት ከነጭ አባይ እስከሚገናኝበት ድረስ ወርዶ ነበር። ከወታደሩ ብዙው በወባና በረግረጉ ተጎድቶ ወደ ደጋው ተመለሰ። ፋሾዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተፋጥጦ የነበረው የፈረንሳዩ መኰንን ማርሻንም በ1891 ዓ.ም. ሲመለስ በሶባትና በባሮ አድርጎ፣ በጎሬና በአዲስ አበባ አልፎ ነው ጅቡቲ የደረሰው። እንግሊዞች ግን የፈለጉት ባንዲራ መትከያ ሳይሆን ቡናውን ነበር። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎ ጀርባ አገር አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ከሚሄድ፣ በጥቂት ቀን ጉዞ ወደ ባሮ ቢወርድ ይሻለው ነበር። በ1899 ዓ.ም. ገደማ ወደቡና የጉምሩኩ ጣቢያ ተከፈቱ። ሥፍራውም በውሉ ከተጠቀሰው ከኢታንግ ይልቅ ሽቅብ ወጥቶ፣ ለደጋው የሲራራ መንገድ በቀረበው በጋምቤላ ሆነ።

እኔ ወደዚያ የወረድሁት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ከጎሬ ተነሥተን ቡሬን ካለፍን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ ናት። በመኪና ከግማሽ ቀን በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል መውረድ ማለት፣ ጠዋት የደረቡትን ካፖርት እኩለ ቀን ላይ የት እንደሚጥሉት ማጣት ነው። በዚያው ቍልቍለት የቡና ጭነት ይዘው ይወርዱ የነበሩትን ሲራራ ነጋዴዎች አሰብሁ። ደገኛው በቅሎ ቆላውን አይችለውም፤ ሙቀቱ ቢምረው ገንዲ አይምረውም። የእንፋሎቱ መርከብም ዓመቱን ሙሉ አይጠብቅም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው ክረምት ገብቶ ሲሞላ ብቻ ነበርና፣ ነጋዴው ጭቃና ጎርፍ በበዛበት ወራት መውረድ ግድ ይሆንበታል። ስለ ወደብ ስንናገር ብዙ ጊዜ መርከቡን ብቻ እናያለን። የጋምቤላን ንግድ የተሸከመው ግን በመጀመሪያ የበቅሎውና የሰው ጀርባ ነው። ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲ ይወጣል። መርከቦቹ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይመላለሱ ነበር፤ ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ያለው የውኃ መንገድም 1,366 ኪሎ ሜትር ይባላል።

በከተማይቱ የመሬት ሥራ ላይ ያለ አንድ ወጣት የሙያ ባልደረባችን አስተናገደኝ። መጀመሪያ ወደ ወንዙ ይዞኝ ወረደ። ባሮ በኅዳር ገና ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከዳርና ከዳር መሸሽ ጀምሯል። ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አዞ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አለ፣ ግን እዚህ አይደለም አሉኝ። በሚያዝያ 1958 አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል በዚሁ ወንዝ ሲዋኝ በአዞ መበላቱን አንብቤ ስለ ነበር፣ እግሬን እንኳ ሳላርስ ተመለስሁ። ከቀድሞው ወደብ የተረፈው ቅሪት እዚህም እዚያም ይታያል። የኪራዩን መሬት ማዕዘን የሚያመለክት የወሰን ድንጋይ ግን ብፈልግ አላገኘሁም። ባልደረባዬም እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ወደ አንድ የአኙዋክ ሽማግሌ ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌው አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። ስለ ውሉ፣ ስለ 400 ሄክታሩ፣ ስለ ምኒልክና ስለ እንግሊዝ የማውቀውን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው። በጸጥታ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ እዚያ ማን ይዘራ እንደ ነበር ወረቀቱ ይናገራል?» ብለው ጠየቁኝ። አይናገርም፣ አባቴ፣ አልኋቸው። ነገሩን አስረዱኝ። አኙዋክ ወንዙ ሲሞላ ይርቃል፤ ውኃው ሲሸሽ ተከትሎ ይወርድና እርጥቡ ዳር ላይ በቆሎ ይተክላል። የወንዝ ዳር ማለት ለእርሱ ከእርሻው ሁሉ የተሻለው፣ በበጋ የሚያበላው መሬት ነው። ሁለቱ መንግሥታት በሜትር የለኩት ያንኑ ነበር። እኔ በውሉ ሐረግ ስኮራ የመጣሁ ሰው ነኝ። ኩራቴ አልጠፋም፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያን አንቀጽ ሳነብ የጎደለው ይታየኛል።

አኙዋኮች ዝም ብለው የተቀመጡ ሕዝብ አልነበሩም። በመጋቢት 1904 አክዌይ ዋ ቻም የተባለው መስፍናቸው፣ ሊቀጣቸው የመጣውን የእንግሊዝ ጦር በአዶንጋ ተዋግቶ ክፉኛ ጎድቶታል። ኦቹዋክ የሚባለው የጨሌ ሐብል በመሳፍንቱ መካከል የክብር ምልክት ሆኖ ስንት ዘመን ሲያዋጋ እንደ ኖረ፣ በ1927 ዓ.ም. በመካከላቸው ተቀምጦ ያጠና ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ ጽፎታል። ይኸው ምሁር በ1933 ዓ.ም. በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ የአኙዋክ ተዋጊዎችን ይዞ ጣልያንን ወግቷል። አጥኚው የሚያጠናቸውን ሰዎች ለጦርነት ሲመራቸው ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር ነው።

ያ ጦርነት የውሉን ቃል ለፈተና አቀረበው። የጎሬ መንግሥት በኅዳር 1929 በጣልያን እጅ ከወደቀ በኋላ ምዕራቡ ሁሉ ተያዘ። በመጋቢት 1933 ጋምቤላ ከጣልያን ስትለቀቅ ከተዋጉት መካከል ከቤልጅግ ኮንጎ ድረስ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። እነርሱው ወደ ደጋው ወጥተው፣ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንላት ከተማ፣ እጁን ሰጠ። ለጦር ጉዳይ አይዋልም የተባለው የወንዝ ዳር የጦር መሸጋገሪያ ሆኖ ዋለ።

ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ነጻ ስትወጣ ያ ሐረግ ሥራውን ሠራ። ተኩስም ክርክርም ሳያስፈልግ መሬቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ወደቡ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በደቡብ ሱዳን በነሐሴ 1947 የተጀመረው ዐመፅ እስከ 1964 ዓ.ም. ዘለቀ፤ በ1975 ዓ.ም. እንደገና ተነሣና እስከ 1997 ዓ.ም. ቆየ፤ ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላም በታኅሣሥ 2006 ሌላ ጦርነት መጣ። በመካከሉ የደጋው ቡና በመኪና ወደ አዲስ አበባ መሄድ ለምዶ ነበር። ወንዙ ግን አልደረቀም፤ ከወሰኑ ማዶ ሰላም ሲጠፋ ነው የመርከቡ መንገድ የተዘጋው። ቡና ይወርድበት በነበረው አቅጣጫ ስደተኛ መውጣት ጀመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኢታንግ፣ ኋላም በፑኝዶ፣ በቅርቡ ደግሞ በኩሌና በቴርኪዲ የተጠለለውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ባሮ ዛሬም መንገድ መሆኑን አይክድም። በወዲህ በኩልም ኀዘን አልጠፋም። በታኅሣሥ 1996 በከተማይቱ በመቶ የሚቈጠሩ አኙዋኮች ተገድለዋል። ሽማግሌው ስለዚያ አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመውን የጋምቤላን ብሔራዊ ፓርክ ለማየት የነበረኝ ሐሳብ አልተሳካም፤ መንገዱ ገና ረግረግ ነበር። ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው ድኩላ መሰል አውሬ በመንጋ ከደቡብ ሱዳን ወደ ጋምቤላ ሜዳ ይመላለሳል። በ2015 ዓ.ም. በማዶው አገር ከአየር ላይ የተደረገው ቈጠራ፣ በዚያ ሰፊ ምድር የሚዘዋወሩት ቆርኬዎችና ሌሎች የሜዳ አውሬዎች 6 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል። ጤና ከሰጠኝ በሌላ ወቅት እመለሳለሁ።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ምሽት ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድሁ። መሣሪያ አልያዝሁም፤ እርምጃዬ ግን 75 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። 2,000 ሜትር ማለት 2,667 እርምጃ ነው። ከቀድሞው ወደብ አጠገብ ተነሥቼ ዳር ዳሩን እየቈጠርሁ ሄድሁ። ከ1,900 ጥቂት እንዳለፍሁ በእሾህ የታጠረ፣ ገና ቡቃያው ብቅ ያለ የበቆሎ ተክል ገጠመኝ። በውስጡ የምትኮተኩት ሴት ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ምንም እንዳልጠፋብኝ ነግሬያት፣ እንዳልረግጥባት በላይ በኩል ዞርሁ። ከማዶው ስደርስ ስንት ላይ እንደ ነበርሁ ረስቼዋለሁ።